የድሮ የስፖርት ካርድ ስንት ያገኛል? ቁጥሩን ከማየታችሁ በፊት ካርዱን አንብቡ

ያገለገለ ስልክ ልትገዙ ስትሄዱ መጀመሪያ የምትጠይቁት "ተከፍቷል ወይ?" ብላችሁ ነው። ጀርባው ቢጫር፣ ጥጉ ቢላጥ ትታገሡታላችሁ። ውስጡ ተነካክቶ ከሆነ ግን የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ ልባችሁ አያርፍም። የድሮ የስፖርት ካርድ (ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት፣ የተጫዋች ሥዕል የታተመበት ትንሽ ካርቶን) ደረጃም የሚጀምረው ከዚሁ ጥያቄ ነው። ብዙ ጀማሪ ግን ከመጨረሻው ይጀምራል፤ ለካርዱ የተሰጠውን የደረጃ ቁጥር ያያል፣ ቁጥሩን ይገዛል፣ ካርዱን ሳያየው ይቀራል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ትምህርቱን በገንዘቤ ነው የገዛሁት፣ እሱን ከታች እነግራችኋለሁ።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ኢስቴት ሴል እዞራለሁ። ሰው ሲሞት ወይም ቤቱን ሸጦ ሲሄድ ዕቃው እዚያው ሳሎኑ ውስጥ ተደርድሮ የሚሸጥበት ማለት ነው። አንድ ቀን ከሰሃንና ከመብራት መሃል የጫማ ካርቶን አገኘሁ፤ ውስጡ በላስቲክ የታሰሩ የቤዝቦል ካርዶች። አንዱ ቶፕስ የሚባለው ካርድ አታሚ ኩባንያ የ1957 ካርድ፣ ቁጥር 76፣ የፒትስበርግ ፓይሬትስ ቡድኑ ሮቤርቶ ክሌሜንቴ። 40 ዶላር ከፍዬ ወጣሁ። ካርዱ ላይ ግን ስሙ "ቦብ ክሌሜንቴ" ነው የሚለው። ሰውየው ፖርቶሪኳዊ ነው፣ ቶፕስም በ1955 እና በ1956 ሮቤርቶ ብሎ በትክክል ጽፎለት ነበር፣ ከዚያ ቦብ አደረገው። እዚህ አገር ሥራ ቦታ ስሙን ያሳጠሩበት ሀበሻ ይህን ካርድ ሲያይ ፈገግ ይላል።

እንግዲህ ክሌሜንቴን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። አብረን እናየዋለን።

መጀመሪያ፣ ደረጃ የሚሰጠው ማነው?

ካርዳችሁን ለአንድ ድርጅት ትልካላችሁ። ባለሙያዎች እውነተኛ መሆኑን፣ አለመነካካቱን፣ ከዚያም ምን ያህል እንደተጎዳ ያያሉ። ከ1 እስከ 10 ቁጥር ይሰጡታል። ከዚያ በጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ ያሽጉትና መለያ ቁጥር ያለው ወረቀት አብረው ያስገባሉ። ያ የታሸገው ፕላስቲክ ሰብሳቢዎች ዘንድ "ስላብ" ነው የሚባለው።

ለድሮ ካርድ ስማቸው በብዛት የሚነሳው ሦስት ናቸው። ፒኤስኤ በ1991፣ ኤስጂሲ በ1998፣ የቤኬት ደረጃ ሰጪ ክፍል ደግሞ በ1999 ነው የተጀመሩት። በ2024 የፒኤስኤ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ኤስጂሲን ገዝቶታል፣ ስለዚህ ሁለቱ ዛሬ ጌታቸው አንድ ነው።

ቁጥሩ ዋጋን ምን ያህል ያለያያል? የ1952 ቶፕስ ሚኪ ማንትል፣ ቁጥር 311፣ ፒኤስኤ 9 የሰጠው አንዱ በጥር 2021 በ5.2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በነሐሴ 2022 ደግሞ ኤስጂሲ 9.5 የሰጠው ሌላው በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ሄደ። ተጫዋቹ አንድ፣ ዓመቱ አንድ፣ ሥዕሉ አንድ። ትልቁ ልዩነት የወረቀቱ ሁኔታ ነው። እንዲህ ያለ ገንዘብ ባለበት መቀስ የሚያነሳ ሰው አይጠፋም። ለዚህ ነው "ተነካክቷል ወይ?" የሚለው ጥያቄ ከሁሉ የሚቀድመው።

አንደኛ፦ ጠረጴዛውን አዘጋጁ

ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። 10 እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር፣ ወርቅ ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚያደርጉት ዓይነት። በሚሊ ሜትር የተከፋፈለ ማስመሪያ። አንገቱ የሚታጠፍ የጠረጴዛ መብራት። ትንሽ የአልትራቫዮሌት ባትሪ፣ ሐሰተኛ ብር ለመለየት የሚጠቀሙበት ሐምራዊ መብራት። ከዚያው ዓመትና ከዚያው ስብስብ ርካሽ የሆነ፣ ስሙ የማይታወቅ ተጫዋች ካርድም አንድ ሁለት ይኑራችሁ። ይሄ የመጨረሻው ከመነጽሩም በላይ ይጠቅማችኋል። ምክንያቱን ቆይታችሁ ታያላችሁ።

እጃችሁን ታጠቡና በደንብ አድርቁ። ቡና ከጠረጴዛው ይነሳ። ካርዱን በጠርዙ ብቻ ያዙት። ቆሻሻ ካያችሁ በላጲስ ለማጥፋት አትሞክሩ፣ ላጲስ ወዙን አብሮ ይወስደዋል፣ ደረጃ ሰጪውም ወዲያው ያየዋል።

ሁለተኛ፦ ካርዱ ራሱ ነው ወይስ ቅጂ?

ዝነኛ ካርድ ሁሉ ቅጂ አለው። አንዳንዱ በሕጋዊ መንገድ እንደ መታሰቢያ የታተመ ነው፣ አንዳንዱ ለማታለል ሆን ተብሎ በሻይ ተነክሮ ያረጀ።

በአጉሊ መነጽር ጥቁሩን ፊደል እዩ። በዚያ ዘመን ሥዕሉ የሚታተመው በትናንሽ የቀለም ነጠብጣቦች ነበር፣ ስሙና መስመሩ ግን ባብዛኛው ለብቻው በደፈናው ይታተማል። ስለዚህ በእውነተኛው ላይ ፊደሉ ድፍን ጥቁር ነው፣ ጠርዙም የጠራ። ካርዱ ፎቶ ተነስቶ እንደገና የታተመ ከሆነ ግን ፊደሉም ጭምር በነጠብጣብ የተሠራ ሆኖ ታዩታላችሁ። እዚህ ላይ ነው ያ ርካሽ ካርድ የሚያስፈልገው። አጠገቡ አስቀምጡት። ነጠብጣቡ፣ የወረቀቱ ውፍረት፣ የጀርባው ቀለም ይመሳሰላል? 2 ዶላር የማያወጣን ካርድ ለማታለል ብሎ ማንም አስመስሎ አያትምም፣ ስለዚህ እሱ ምስክራችሁ ነው።

ቀጥሎ ሐምራዊውን መብራት አብሩ። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ወረቀት ላይ ነጭነት የሚያጎላ ኬሚካል መጨመር ተለመደ። ያ ኬሚካል በአልትራቫዮሌት ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ይበራል። የ1910 ነው የተባለ የትምባሆ ካርድ (ከሲጋራ ፓኬት ጋር ይመጣ የነበረው) እንደ አዲስ ሸሚዝ ቦግ ካለ ጉዳዩ አለቀ። ካልበራ ግን እውነተኛ ነው ማለት አይደለም፣ አሮጌ ወረቀት ፈልጎ የሚያትም አጭበርባሪም አለ።

ሦስተኛ፦ ተነካክቷል ወይ?

እዚህ ጋ ቆይታ እናድርግ።

አንድ ካርድ 70 ዓመት ሆኖታል እንበል። ሕፃን ልጅ ኪሱ ውስጥ ከቶታል፣ ግድግዳ ላይ እየወረወረ ተጫውቶበታል፣ የብስክሌት ጎማ ላይ አስሮ አንጫጭቶታል። ታዲያ አራቱም ጥግ እንደ ምላጭ ቢሾል ደስ ከማለቱ በፊት ሊያጠራጥራችሁ ይገባል። አንዳንዱ በእውነት ተርፎ ነው። ሌላው ግን ተከርክሞ ነው። የዶለዶመውን ጥግ ለማጥፋት ጠርዙን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ቢቆርጡት ካርዱ አዲስ ይመስላል።

የመጀመሪያው ምርመራ ልኬት ነው። ቶፕስ ከ1957 ጀምሮ ካርዶቹን 2.5 በ3.5 ኢንች አደረጋቸው፣ በሚሊ ሜትር 63.5 በ89 ያህል። ከ1952 እስከ 1956 የነበሩት ተለቅ ይላሉ፦ 66.7 በ95 ሚሊ ሜትር ያህል። ማስመሪያችሁን አስቀምጡና ሁለቱንም ጎን ለኩ። ግን አንድ ቦታ ብቻ አትለኩ፤ ላይ፣ መሃል፣ ታች። በእጅ የተቆረጠ ጠርዝ ብዙ ጊዜ መሃሉ ላይ ጎበጥ ወይም ሰርጎድ ይላል። ከዚያ በዚያ ርካሽ ካርድ ላይ ደርቡትና ከጎን እዩ።

ሁለተኛው ምርመራ የጠርዙ መልክ ነው። አራቱም ጠርዝ አብረው ነው ያረጁት። ሦስቱ ቢጫ ብለው፣ ለስለስ ብለው፣ አራተኛው ነጭና ስለታም ከሆነ እሱ ጠርዝ ከወንድሞቹ ጋር አላደገም። በተቃራኒው ደግሞ ሻካራ ጠርዝ ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም። የካናዳው ካርድ አታሚ ኦፒቺ ካርዶቹን የሚቆርጠው በሽቦ ስለነበር የ1979ኙ የዌይን ግሬትስኪ የሆኪ ካርድ ጠርዙ ተተርትሮ ቢታይ ከፋብሪካው እንዲያ የወጣ ነው። እንዲያውም በጣም የጠራ ጠርዝ ያለው ኦፒቺ ነው የሚያስፈራው።

ሦስተኛው ቀለም ነው። የ1971 ቶፕስ ዙሪያው ጥቁር ነው፣ ጥቁሩ በትንሹ ሲላጥ ነጭ ወረቀት ብቅ ይላል። ማርከር ያለው ሰው ደግሞ እጁ ይበላዋል። ካርዱን አቁማችሁ ጠርዙን በጠርዙ በኩል እዩት። የፋብሪካ ቀለም ፊቱ ላይ ብቻ ነው፣ ማርከር ግን ወደ ወረቀቱ ጎን ሰርጎ ይገባል። ካርዱን በብርሃን ስታጋድሉትም የተቀባው ቦታ ከአካባቢው የተለየ ወዝ ያወጣል።

እጥፋትን በእርጥበትና በክብደት ተጭኖ ማስተካከል፣ የጠፋ ጥግ በሌላ ወረቀት መሙላት፣ በኬሚካል ማጽዳትም አለ። በእነዚህ የተያዘ ካርድ ቁጥር አያገኝም። ወይ ሳይታሸግ ይመለሳል፣ ወይ "እውነተኛ ግን የተነካ" የሚል ትርጉም ያለው ወረቀት ተደርጎለት ይታሸጋል። ዋጋው ብዙ ጊዜ በጣም ዝቅ ይላል።

አሁን የእኔን ላውራ። የ1956 ቶፕስ ጃኪ ሮቢንሰን፣ ቁጥር 30። ከአንድ የኦንላይን ሻጭ በ450 ዶላር ገዛሁት። ፎቶው ላይ ጥጉ ይቆርጣል። "ይሄማ 7 ነው" ብዬ በደስታ ላኩት። ተመለሰ፤ ያለ ቁጥር፣ "የተከረከመ" ተብሎ። የምርመራ ክፍያውም አልተመለሰልኝም። ያን ቀን ነው ማስመሪያ ያነሳሁት። ቁመቱ 94 እንኳ አልሞላም። ሮቢንሰንን ርካሹ የ1956 ካርድ ላይ ባስቀምጠው ከስር የርካሹ ጠርዝ ብቅ ብሎ ታየ፣ እንደ አጭር ሱሪ። ሻጩ መልስ አልሰጠኝም። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ልኬት ነበር 450 ዶላር የበላኝ።

ይሄ በእኔ ብጤ ላይ ብቻ አይደርስም። ፒኤስኤ ሲጀምር፣ በ1991፣ መጀመሪያ ያሸገው ካርድ ሆነስ ዋግነር የሚባለውን የቤዝቦል ተጫዋች ነው፣ ከ1909 እስከ 1911 ከወጣው ቲ206 ከሚባለው የትምባሆ ካርዶች ስብስብ። ግሬትስኪ ራሱ፣ የሆኪው ንጉሥ፣ ከአጋሩ ጋር ሆኖ በዚያው ዓመት በ451 ሺህ ዶላር በጨረታ የገዛው ነው። ካርዱ 8 ተሰጠው። በ2007 በ2.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ከዚያ በ2013 ካርዱን ቀድሞ ይዞት የነበረው የጨረታ ነጋዴ ቢል ማስትሮ ጠርዞቹን እንደከረከመ ቺካጎ የፌዴራል ፍርድ ቤት ቀርቦ አመነ። በ2015 በጨረታ ማጭበርበር ተፈርዶበት ታሰረ። ስለዚህ ስላብ አይታችሁ ዓይናችሁን አትጨፍኑ። ቁጥሩ የሰው አስተያየት ነው፤ የሠለጠነ ሰው አስተያየት፣ ግን አስተያየት።

ክሌሜንቴን ለካሁት። 63.5 በ89። አራቱም ጠርዝ እኩል ቢጫ ብለዋል። ጥጎቹ ዶልዱመዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ማንም አልነካውም።

አራተኛ፦ መብራቱን አጋድሉ

ካርድ ፊት ለፊት ሲታይ ይዋሻል። ፎቶ ሲነሳ ደግሞ ይበልጥ። የክፍሉን መብራት አጥፉ። የጠረጴዛውን መብራት ከጎን፣ ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ። ካርዱን ዓይናችሁ አጠገብ ያዙና ቀስ እያላችሁ አጋድሉት፤ ፊቱንም ጀርባውንም፣ በቁመቱም በወርዱም።

የምትፈልጉት ሁለት ነገር ነው። አንዱ እጥፋት ነው፤ ቀለሙን ሰብሮ ነጭ መስመር የሚያወጣው፣ ያለ መብራትም የሚታይ። ሌላው ሽብሽብ ነው። ቀለሙ አልተሰበረም፣ ወረቀቱ ግን ውስጡ ተጎድቷል። ፊት ለፊት ፈጽሞ አይታይም፣ ስታጋድሉት ብቻ እንደ ፀጉር ቀጭን ሆኖ ብልጭ ይልና ይጠፋል። ሰው "ይሄ 7 ነው" ብሎ ልኮ 4 ሆኖ ሲመለስበት "ዘረፉኝ" ይላል። ብዙውን ጊዜ የዘረፈው ይቺ ሽብሽብ ናት።

እግረ መንገዳችሁን ወዙን እዩ። በደንብ የተቀመጠ ካርድ ወዙ ከጥግ እስከ ጥግ እኩል ነው። ብዙ የተነካካው መሃሉ ይደበዝዛል። ጀርባው ላይ ደግሞ የማስቲካ ወይም የሰም እድፍ ይኖራል። ያን ጊዜ ካርድ የሚሸጠው ከማስቲካ ጋር በሰም ወረቀት ተጠቅልሎ ነበር፣ እድፉም የዕድሜው ምልክት ነው። ጀርባ ላይ ያለች በጣም ቀላል የሰም ምልክት 8 ከማግኘት አታግድም። ፊት ላይ ስትሆን ሌላ ነገር ነው።

የሕትመት ጉድለትም ይቆጠራል። ባለቤቱ አላጠፋም፣ ግን ይቆጠራል። የ1957 ቶፕስ ከተጫዋቹ ኋላ ያለው ጠቆር ባለባቸው ሥዕሎች ላይ እንደ በረዶ የተበተኑ ነጭ ነጥቦች አሉት። ክሌሜንቴም አላመለጠም፣ ጎኑ ላይ ሦስት አራት አሉ።

አምስተኛ፦ ጥግና ጠርዝ

ይሄ ቀላሉ ነው። አራቱን ጥግ አንድ በአንድ በአጉሊ መነጽር እዩ፣ ከጥቁር ነገር ላይ አስቀምጣችሁ። የሾለ፣ ጫፉ በትንሹ የተተረተረ፣ የዶለዶመ፣ ክብ የሆነ፣ ወረቀቱ ተከፍሎ ንብርብሩ የወጣ። በዚህ ቅደም ተከተል ደረጃው ይወርዳል። የባሰው ጥግ ነው የሚቆጠረው፣ ሦስቱ ቆንጆ መሆናቸው አያድንም።

ጀርባውን ገልብጣችሁ ድገሙት። ፊቱ ጤነኛ መስሎ ጀርባው ከአልበም ሲላቀቅ ወረቀቱ የተላጠ ካርድ ብዙ ነው። ከተላጠ ፊቱ ምንም ቢያምር ወደ ታችኞቹ ቁጥሮች ነው የሚሄደው።

በእስክሪብቶ የተጻፈበትም አለ። የስብስቡን ዝርዝር የያዙት ካርዶች ላይ ልጆቹ ያገኙትን በምልክት ይሞሉ ነበር፣ የተሠራው ለዚያ ነውና። ለዚህ ነው ዛሬ ያልተሞላ የዝርዝር ካርድ የሚፈለገው።

ስድስተኛ፦ ሥዕሉ መሃል ነው?

ሰብሳቢዎች ሴንተሪንግ የሚሉት ነው። ነጩ ድንበር በግራና በቀኝ፣ በላይና በታች ምን ያህል እኩል ነው? እዚህ ላይ በዓይን አትገምቱ፣ ሒሳብ ነው።

የክሌሜንቴ ግራ 2 ሚሊ ሜትር፣ ቀኙ 4.5 ነው። ደምሩት፣ 6.5። ትልቁን ለድምሩ አካፍሉ፣ 4.5 ለ6.5፣ 69 በመቶ ይመጣል። ስለዚህ 69/31 ነው። ላይና ታቹ 3 እና 3.5፣ ማለትም 54/46። የሚቆጠረው የባሰው ነው፣ 69/31።

በቆየው የፒኤስኤ መለኪያ 8 ለማግኘት ፊቱ እስከ 70/30 ይፈቀድ ነበር። 7 እስከ 75/25፣ 6 እስከ 80/20፣ 5 እስከ 85/15። ጀርባው ከዚህ በጣም ይላላል። ስለዚህ ክሌሜንቴ በዚያ መለኪያ፣ በሴንተሪንግ ብቻ ቢሆን 8 ሊነካ ይችል ነበር። ብቻውን ቢሆን፣ ነው ያልኩት።

ሌላው ነገሩ ሁሉ 8 ሆኖ ሥዕሉ በጣም ወደ አንድ ወገን የሄደ ከሆነ ፒኤስኤ "8 ኦሲ" ሊለው ይችላል፣ ከመሃል የወጣ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ተቀጥላ ለእድፍ፣ ለጽሑፍ፣ ለሕትመት ጉድለትም አለ። ተቀጥላ አልፈልግም ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ያኔ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ሁለት ያህል ዝቅ ይላል። እኔ ዝቅ ያለውን እመርጣለሁ። ኦሲ ያለበት 8 የሚሸጠው እንደ 8 አይደለም፣ ገዢውም ያውቃል።

ሰባተኛ፦ ቁጥሩን ራሳችሁ ጻፉ

የፒኤስኤ መሰላል ከላይ ሲጀምር 10 ጄም ሚንት፣ 9 ሚንት፣ 8 ኒር ሚንት-ሚንት፣ 7 ኒር ሚንት፣ 6 ኤክሰለንት-ሚንት፣ 5 ኤክሰለንት፣ 4 ቬሪ ጉድ-ኤክሰለንት፣ 3 ቬሪ ጉድ ይላል። 2 ቁጥር "ጉድ" ነው የሚባለው፤ ካርዱን ስታዩት ግን የሚገባችሁ በአማርኛው ትርጉም ነው። ከዚያ 1.5 ፌር፣ 1 ፑር። ከ2008 ጀምሮ እንደ 2.5 እና 4.5 ያሉ ግማሾችም ገብተዋል።

ለድሮ ካርድ 10ን እርሱት። ጨዋታው ያለው ከ8 በታች ነው። 8 በሩቁ 9 የሚመስል፣ ቀረብ ሲሉ አንድ ሁለት ጥግ ላይ ኢምንት መተርተር ያለበት ነው። 7 ያ መተርተር በርከት ሲል። 6 ላይ ጉዳቱን ሳትፈልጉት ማየት ትጀምራላችሁ፣ እጥፋት ግን የለም። 5 ላይ ጥጎቹ መዶልዶም ይጀምራሉ። 4 ላይ ቀላል እጥፋት ሊኖር ይችላል። 3 ላይ ጥጉ ክብ ብሏል፣ ወዙ ሄዷል፣ እጥፋቱ ይታያል። 2 ላይ እጥፋቱ ብዙ ነው። 1 ላይ ቁራሽም የጎደለው ይኖራል፣ ሆኖም ማን እንደሆነ ትለያላችሁ። የ1952 ማንትል ከሆነ እንዲያ ሆኖም በአሥር ሺዎች ዶላር ይሸጣል።

ጀማሪ የሚስተው ነገር አለ። ቁጥሩ አማካይ አይደለም። ሴንተሪንግ 8፣ ጥግ 4፣ ወዝ 6 ቢሆን ተደምሮ ተካፍሎ 6 አይወጣም። የባሰው ይጎትታል። ቤኬት ሴንተሪንግን፣ ጥግን፣ ጠርዝንና ገጽን ለየብቻ ስለሚጽፍ ይሄ እዚያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፦ ሦስቱ 9 ሆነው አንዱ 7 ከሆነ ዋናው ቁጥር ወደ 7 ይጎተታል።

ቁጥራችሁን ከመላካችሁ በፊት ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ከነምክንያቱ። እኔ ለክሌሜንቴ "4፤ ጥግ ዶልዱሟል፣ ወዝ ደህና፣ ጀርባ የማስቲካ እድፍ፣ እጥፋት የለም" ብዬ ጻፍኩ።

ስምንተኛ፦ ይላክ ወይስ ይቅር?

ካርዱ በጻፋችሁት ቁጥር ስንት እንደሚሸጥ ፈልጉ። የተጠየቀውን ዋጋ ሳይሆን፣ የተሸጠበትን። ከዚያ የአንድ ቁጥር ዝቅ ያለውን ዋጋ ያዙ። ከእሱ ላይ የምርመራውን ክፍያ፣ ፖስታውንና ኢንሹራንሱን ቀንሱ። ክፍያው ካርዱ ውድ በሆነ ቁጥር ስለሚጨምር የድርጅቱን የወቅቱን ዋጋ ራሳችሁ እዩ። የሚተርፍ ከሌለ አትላኩ። ስሙ የማይታወቅ ተጫዋች 3 ቁጥር አግኝቶ ፕላስቲክ ውስጥ ቢቀመጥ ፕላስቲኩ ነው ከካርዱ የሚወደደው።

ሲላክ ካርዱ መጀመሪያ ለስላሳ ላስቲክ ውስጥ ይግባ፣ ከዚያ ካርድ ሴቨር የሚባለው ተጣጣፊ ፕላስቲክ ውስጥ። ድርቅ ያለው ጠንካራ መያዣ ውስጥ አትክተቱት፣ ሲያወጡት ጥግ ይጎዳል። ፕላስተር ካርዱ አጠገብ አይድረስ። ከመታሸጉ በፊት ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንሱ። ትዕግሥትም ያዙ። በመጋቢት 2021 ለፒኤስኤ የተላከው ካርድ ከአቅም በላይ ሆኖ አብዛኛውን አገልግሎቱን ለጊዜው እስከማቆም ደርሶ ነበር።

ዘጠነኛ፦ የታሸገ ስትገዙ

መለያ ቁጥሩን ድርጅቱ ገጽ ላይ አስገቡ። የሚወጣው ካርድ እጃችሁ ላይ ያለው ነው? ፎቶ ካለ አመሳስሉ፤ የሕትመቱ ነጥብ፣ የሴንተሪንጉ ዘንበል፣ የጥጉ ቅርጽ እንደ ጣት አሻራ ነው። ሐሰተኛ ስላብ እውነተኛ መለያ ቁጥር ሰርቆ ሊይዝ ስለሚችል ቁጥሩ መውጣቱ ብቻ አይበቃም። የፕላስቲኩን ስፌት ዙሪያውን እዩ፣ ተከፍቶ እንደገና የተጣበቀ ካለ ነጭ ደመና ወይም ስንጥቅ ይኖረዋል።

ከዚያ እኔ እንዳልኳችሁ ቁጥሩን በአውራ ጣታችሁ ሸፍኑትና ካርዱን እዩ። አንድ ዓይነት 5 የለም። አንዱ 5 ሥዕሉ መሃል ላይ ቁጭ ብሎ፣ ቀለሙ ደምቆ፣ ጥጎቹ ብቻ ደከም ብለው ነው። ሌላው ጥጎቹ ሾለው ሥዕሉ ወደ ጎን ሸሽቷል። ዋጋቸው አንድ ከሆነ እኔ ያለ ጥርጥር የመጀመሪያውን ነው የምወስደው። ለዓይን የሚያምረው ሲሸጥም ቶሎ ይሄዳል።

ድርጅቶቹ ስንት ካርድ ምን ቁጥር እንዳገኘ ይመዘግባሉ። ጠቃሚ ነው፣ ግን ሙሉ በሙሉ አትመኑት። የተሻለ ቁጥር ፈልጎ ስላቡን ሰብሮ ያንኑ ካርድ ሦስት ጊዜ የሚልክ ሰው አለ፣ መዝገቡ ላይ ሦስት ካርድ ሆኖ ይቆጠራል።

ክሌሜንቴ ተመለሰ። 3።

ትንሽ ተናደድኩ፣ አልዋሽም። ወረቀቴን አወጣሁ፣ "እጥፋት የለም" ይላል። ያን ቀን ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ የክፍሉን መብራት ሳላጠፋ ነበር ያየሁት። አሁን አጠፋሁት፣ የጠረጴዛውን ዝቅ አደረግኩ፣ ስላቡን አጋደልኩ። አንገቱ አጠገብ፣ ከማሊያው አንገትጌ ወደ ግራ፣ ቀጭን ሽብሽብ ብልጭ አለችና ጠፋች።